ጦርና ካሜራ

እ.ኤ.አ. በ1939 ሦስት የቪየና ወጣቶች አትላንቲክን ተሻግረው፣ የኔዘርላንድ ቅኝ ግዛት በነበረችው የካሪቢያን ደሴት በኩራሳው ወረዱ። መሪያቸው ሐንስ ሐስ ገና የ20 ዓመት የሕግ ተማሪ ነበር። ሀገሩን ኦስትሪያን ሂትለር ከአንድ ዓመት በፊት ከጀርመን ጋር ቀላቅሏታል። የወጣቶቹ ጓዝ ግን የዓሣ መውጊያ ጦር፣ የዋና መነጽርና ውኃ በማያስገባ ሣጥን የታሸገ ካሜራ ነበር።

በዚያ ዘመን አብዛኛው የባሕር ተመራማሪ ባሕሩን የሚያውቀው ከመርከብ ላይ ሆኖ ነው። መረቡን ይጥላል፤ የወጣለትን፣ ብዙ ጊዜም የሞተውን፣ በአልኮል ጠርሙስ ያኖራል። እነዚህ ልጆች ግን ትንፋሻቸውን ቋጥረው ኮራሉ መካከል ገቡ። ዓሣው በገዛ ቤቱ ሲበላ፣ ሲሸሽ፣ ሲደበቅ አዩ። ሻርኩን ሳይቀር ቀርበው ፎቶግራፍ አነሡት። (እርግጥ ጦሩንም አልጣሉም፤ የወጉት ዓሣ ጥቂት አይደለም።)

በዚያው ዓመት መስከረም ወር ታላቁ ጦርነት አውሮፓ ላይ ፈነዳ፤ የመጡበትም መንገድ ተዘጋ። ሐስ በ1940 ቪየና የገባው በአሜሪካና በእስያ በኩል ዓለምን ዞሮ ነው። ሕጉን ትቶ ሥነ እንስሳት ተማረ። በ1943 ከበርሊን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘበትን ጥናት የሠራው፣ መተንፈሻ መሣሪያ ታጥቆ ራሱ ባሕር ውስጥ እየጠለቀ ነበር። ያጠናውም ሻርክን አይደለም፤ ባሕር ወለል ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ፣ ቅኝታቸው ዳንቴል የሚመስል ጥቃቅን እንስሳትን እንጂ።