ሰርቨር የተወለደው ጠረጴዛ ላይ ነው

ሰርቨር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የሚንቀሳቀስ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ትልቅ ክፍል፣ በዶላር የሚከፈልበት የውጭ አገር ማሽን ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ ስንቶቹ «ቲቸር፣ ለሆስቲንግ የምከፍለው የለኝም፣ ፓኬጁም ያልቅብኛል» ብለው ዌብሳይት መሥራቱን ተዉት! የዛሬው ጽሑፌ ለእነሱ ነው። ታሪኩ ሌላ ነገር ነውና የሚነግረን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1990 ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ አጠገብ ባለው ሰርን የምርምር ተቋም ውስጥ ቲም በርነርስ ሊ የዓለምን የመጀመሪያ ዌብ ሰርቨር ሠራ። የት ላይ? እዚያው በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ! ሰው እንዳያጠፋበትም «ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፣ አታጥፉት» የሚል ማስጠንቀቂያ በቀይ ቀለም ጽፎ ለጠፈበት። ልብ በሉ፤ ሰርቨር ማለት ሕንጻ አይደለም። ጥያቄ ሲመጣለት መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው እንጂ።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ያው ተጽፈው የተቀመጡ ወረቀቶች ነበሩ፤ ለማንም ሰው አንድ ዓይነት። ከዚያ ግን ገጹ በተጠየቀበት ሰዓት የሚዘጋጅበት ዘመን መጣ። ግሪንላንድ የተወለደው ራስመስ ሌርዶርፍ ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠውን ሲቪ ማን እንደሚያየው ለማወቅ በ1994 ትንንሽ ፕሮግራሞች ጻፈ። በ1995 ለሕዝብ ለቀቃቸው፤ የዛሬው ፒኤችፒ ይኸው ነው። በዚያው ዓመት አፓቺ የተባለው ሰርቨር ወጣ። ባለቤቱ ትቶት የሄደውን አሮጌ ሰርቨር ኢሜይል እየተጻጻፉ ሲጠግኑ የነበሩ ሰዎች ናቸው የሠሩት። ስዊድን ውስጥ ደግሞ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ተጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ሚካኤል ዊደኒየስ «ማይ» ያለው በሴት ልጁ ስም ነው።

ሦስቱም በነጻ የሚገኙ ሆኑ። ችግሩ እያንዳንዱን ለየብቻ ጭኖ እርስ በርስ ማግባባት ነበር። ጀማሪው አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ እዚያው ላይ ይሰለቻል። በ2002 ካይ ሳይድለር እና ካይ ፎገልገሳንግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን «አፓቺ ፍሬንድስ» በሚል ስም ሁሉንም በአንድ ላይ አሽገው ዛምፕን አወጡ። አንድ ፋይል ትጭናለህ፣ አለቀ።

አሠራሩም ቀላል ነው። ዛምፕን ከጫናችሁ በኋላ አፓቺንና ማይኤስኪውኤልን «ስታርት» በሉ። የፒኤችፒ ፋይላችሁን ኤችቲዶክስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ እንዳትከፍቱት፤ ብራውዘር ፒኤችፒ አያውቅም፣ የሚተረጉምለት ሰርቨሩ ነው። ይልቅ አድራሻው ላይ ሎካልሆስት ብላችሁ ጻፉና የፋይሉን ስም አስከትሉ። ሎካልሆስት፣ በቁጥር 127.0.0.1፣ «እኔው ራሴ» እንደማለት ነው። ጥያቄው ከላፕቶፓችሁ ሳይወጣ መልሱ ይመጣል። አንድ ሜጋባይት አይቆጥርም።

በ2017 እና በ2019 በፈተና ሰሞን አገሩ ሁሉ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሎካልሆስት አልጠፋም እኮ!

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዛምፕ ለልምምድ የተሠራ ነው። የዳታቤዙ ዋና አካውንት ሲጫን የይለፍ ቃል የለውም። ስለዚህ እንዳለ ለሕዝብ ኢንተርኔት እንዳትከፍቱት።

እና ልጆቼ፣ ሆስቲንግ የመጨረሻው እርምጃ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የትምህርት ቤት ውጤት መመዝገቢያ፣ የሱቅ ዕቃ መቆጣጠሪያ፣ የዕድር መዋጮ መዝገብ፣ ሁሉም እዚያችው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ተሠርቶ፣ ተፈትኖ፣ ተስተካክሎ ማለቅ ይችላል። ገንዘቡ የሚያስፈልገው ለሰው ለማሳየት ስትነሱ ነው። እስከዚያ ግን ሰርቨሩ እጃችሁ ላይ ነው።

የጀመራችሁ ካላችሁ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ከታች ጻፉልኝ፤ የተቸገራችሁበትንም ጭምር።