የስሌት ረዳቶች ታሪክ፦ ከአራት ኪሎ እስከ ኮዬ ፈጬ

ዛሬ ከዳር እስከ ዳር በኮንዶሚኒየም ተሞልቶ የሚታየው የኮዬ ፈጬ ሜዳ፣ ጎልማሳ የሆነ ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ትናንት የኦሮሞ ገበሬ ጤፍና ሽምብራ፣ ስንዴና ጓያ ያፍስበት የነበረ ዋልካ መሬት ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ነቅሎ የሚያስቀር፣ በጋ ሲሆን እየተሰነጠቀ ከብት የሚያሰናክል፣ ለእህል ግን ቸር የሆነ መሬት። የዚህ ሰፈር ታሪክ በተነሣ ቁጥር ሰው የሚያወራው የቤቱን ነገር ነው፤ ይኸውም በየካቲት 2011 ዓ.ም. ዕጣ በወጣ ጊዜ የተቀሰቀሰውን ክርክርና ተቃውሞ፣ የገበሬውን የካሳ አቤቱታ፣ ኋላም የሸገር ከተማ መቋቋሙን ነው፤ መወራቱም ተገቢ ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ከዚያው ሜዳ አጠገብ በቂሊንጦ በኩል የተተከለውን የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን፣ እሱንም ቢሆን ሁለንተናውን ሳይሆን፣ በውስጡ ሊያድግ የሚገባውንና ብዙ ሰው ገና ለይቶ ያላወቀውን አንድ ሙያ ነው።

ዩኒቨርሲቲው በ2003 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቁሞ በተከታዩ ዓመት ማስተማር ጀመረ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከአዳማው እኅቱ ጋራ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተጠሪ እንዲሆን ተደረገ። ኋላም የልህቀት ማዕከላትን ሲያቋቁም፣ ከማዕድኑ፣ ከባዮቴክኖሎጂው፣ ከናኖቴክኖሎጂውና ከኑክሌር ሪአክተሩ ጋራ፣ አንዱን ማዕከል ለከፍተኛ ዐቅም ኮምፒውቲንግና ለግዙፍ ዳታ ትንተና ለየ። ብዙ ሰርቨሮች በፈጣን ገመድ ተሳስረው፣ አንዱን ከባድ ስሌት እንደ ደቦ ተካፍለው የሚሠሩበትን ሥርዓት ነው ሰው በተለምዶ ሱፐር ኮምፒውተር እያለ የሚጠራው፤ የአየር ጠባይ ትንበያ፣ የአዳዲስ ቁሶች ባሕርይ፣ የዘረ መል ንባብ፣ የወንዝና የግድብ ነገር ሁሉ በእሱ ይመረመራል። ይሁንና እንዲህ ያለው መሣሪያ ስለ ተገዛ ብቻ አንዲት ቁጥር አያወጣም። በተመራማሪውና በማሽኑ መካከል ቆሞ ሶፍትዌሩን የሚጭን፣ ከመሣሪያው ጋራ የሚያስማማ፣ ሥራ ሲቆም ምክንያቱን የሚፈልግ፣ ወረፋውን የሚያደላድል ሰው ከሌለ፣ ጉባኤ የሌለበት ቅኔ ቤት ሆኖ ይቀራል። የመሣሪያዎቹ ታሪክ በየምረቃው በዓል ሲነገር ሰምተናል፤ የእኒህ ሰዎች ታሪክ ግን ጸሐፊ አላገኘም።

የስሌት ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ጥንቱን ያውቁታል። የባሕረ ሐሳብ ቀመር፣ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ተገለጠ እየተባለ የሚነገርለት፣ ቁጥሩን ለሚችል ሁሉ የተከፈተ ነው። የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ መቼ እንደሚውል ለማወቅ የፈለገ ሰው፣ በዘመኑ ላይ 5500 ደምሮ 7517 ያገኛል፤ ይህን በ19 ሲገድፍ 12 ይተርፈዋል፤ አንዱን ለዘመኑ ሲተው ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩን በጥንተ መጥቅዕ በ19 ሲያባዛ 209፣ በ30 ሲገድፍ መጥቅዑ 29 ይወጣል፤ መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 29 ረቡዕ ነበርና የረቡዕን ተውሳክ 4 ሲጨምርበት 33 ይሆናል፤ ሠላሳው ተገድፎ የሚቀረው 3 መባጃ ሐመር ይባላል፤ ጾመ ነነዌ የምትገባበት ቀን እሱ ነው። እዚህ ላይ ነው ጀማሪ የሚወድቀው፤ ድምሩ ከ30 ሲያልፍ ጾመ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት መሻገሯን ያልተማረ ሰው፣ ቁጥሩን ሁሉ አሳምሮ ቆጥሮ በመጨረሻው ወሩን ይስታል። ነነዌ የካቲት 3 ገባች፤ ከእሷ ተቈጥሮም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። ቀመሩ በብራና ተጽፎ ሳለ የገጠሩ ደብር ካህን መሪጌታውን ሳይጠይቅ በዓል የማያውጀው ስለዚህ ነው፤ መሪጌታው የሚጠየቀው ማባዛት ስለሚችል ሳይሆን ስሌቱ የት ላይ እንደሚያሳስት ስለሚያውቅ ነው።

በማሽን የሚሰላበት ዘመን ሲጀምርም ይኸው ረዳት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ነበረ። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ በሞሪስ ዊልክስ መሪነት የተሠራው ኤድሳክ የተባለው ማሽን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1949 ሥራ ሲጀምር፣ ዓላማው ለሌሎች የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ማገልገል ነበር እንጂ ለራሳቸው ለሠሪዎቹ መመኪያ መሆን አልነበረም። ዴቪድ ዊለርና ባልንጀሮቹ ደጋግመው የሚያስፈልጉትን ስሌቶች፣ የሥር ማውጣቱን፣ የሳይኑንና የኮሳይኑን፣ ቁጥር አትሞ የማውጣቱን ነገር፣ በወረቀት ጥብጣብ ላይ በስተው በማስቀመጥ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ በየመሳቢያው ደረደሩት፤ ከሌላ ክፍል የመጣ ሰው የሚፈልገውን ጥብጣብ ያስገለብጥና ከራሱ ጥብጣብ ጋራ ቀጥሎ ለማሽኑ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ሶፍትዌር ላይብረሪ የምንለው ነገር መሠረቱ ያ ቁም ሣጥን ነው። በማሽኑ ከተጠቀሙት ሰዎች አንዱ ጆን ኬንድሩ ነበር፤ የማዮግሎቢንን፣ የዚያን ቀይ የጡንቻ ፕሮቲን፣ ቅርጽ በኤክስሬይ ለማወቅ የሚያስፈልገው ስሌት በእጅ የማይገፋ ስለ ሆነበት፣ በማሽኑ ክፍል የሚሠራው አውስትራሊያዊው ጆን ቤኔት ስሌቱን ለኤድሳክ እንዲመች አድርጎ አዘጋጀለት፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ አሠራሩ ሁለቱ በአንድነት ጽሑፍ አወጡ። ኬንድሩ በ1962 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። የቤኔት ስም በዚያ ጽሑፍ ላይ መኖሩን እንደ ትልቅ ነገር እቈጥረዋለሁ፤ ከእሱ በኋላ ለመጡት ብዙ ረዳቶች ያ እንኳ አልደረሳቸውም።

በእኛ አገር የዚህ ሙያ ቀዳሚ ታሪክ የሚገኘው፣ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን፣ በአራት ኪሎ ነው። በ1943 ዓ.ም. የተመሠረተውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደራጁት የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩና፣ ከእነሱ አንዱ አባ ፒየር ጉዊን፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በታወጀ ጊዜ፣ የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ስለሚያልፍ፣ በ1950 ዓ.ም. የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያውን አቋቋሙ። በዚያን ዘመን ሥርዓት፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ በተንጠለጠሉ ትንንሽ ማግኔቶች መስተዋት ላይ የወደቀ ብርሃን፣ በሚሽከረከር የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይሥል ነበር፤ ወረቀቱ ታጥቦ ሲደርቅ ረዳቱ የእያንዳንዱን መስመር የየሰዓቱን ልክ በማስመሪያ እያነበበ በመዝገብ ያሰፍራል። በቀን 72 ንባብ ነው፤ በዓመት ከ26,000 በላይ። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ አካባቢ በተናወጠ ጊዜ፣ መናወጡን በሳይንስ ለመመርመር የተቻለው እንዲህ ያለ የንባብ ሥርዓት ስለ ነበረ ነው፤ አባ ጉዊንም እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉን ዛሬም ሊቃውንት ይጠቅሱታል። መስመሩን በማስመሪያ ሲያነቡ ዓይናቸው የደከመው ረዳቶች ግን፣ እንደ ዓለሙ ልማድ፣ በጥቅሱ ውስጥ የሉም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ፈጥኜ አልፈዋለሁ። በውጭው ዓለም ፎርትራን እ.ኤ.አ. በ1957 ወጥቶ ሳይንቲስቱ ቀመሩን ለቀመር በሚቀርብ ቋንቋ መጻፍ ቻለ፤ አሜሪካኖች በ1985 ለዩኒቨርሲቲዎቻቸው የጋራ ሱፐር ኮምፒውተር ማዕከላት ማቋቋም ሲጀምሩ፣ በየማዕከሉ ተመራማሪውን የሚያማክሩ ሰዎችን ደመወዝ ከመሣሪያው ዋጋ ጋራ አብረው አሰቡ። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ኢንተርኔትም በጥር 1989 ዓ.ም. በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ገባ።

ለድኻ ዩኒቨርሲቲ በሩን የከፈተው ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ውስጥ 16 ተራ ኮምፒውተሮችን በተራ የኔትወርክ ገመድ አያይዘው፣ ሊኑክስን ጭነው፣ ቤዎልፍ ያሉትን ክላስተር ሠሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሱፐር ኮምፒውተር ለመሥራት የግዙፍ ኩባንያ ደጅ መጥናት ቀረ። ይህን ሁሉም ያመሰግናል፤ እኔም አመሰግናለሁ። ነገር ግን የሚያመሰግኑት ብዙዎቹ ያላስተዋሉት አንድ ጉዳይ አለ፤ ቀድሞ ውድ ማሽን ሲገዛ ከሻጩ ኩባንያ መሐንዲስና የፕሮግራም ዐዋቂ አብሮት ይመጣ ነበር፤ ርካሹ ክላስተር ግን ሣጥኑን ይዞ እንጂ ሰው ይዞ አልመጣም። ከዋጋው የተቀነሰው ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተላለፈ፤ ዩኒቨርሲቲውም ዕዳውን በበጀት መዝገብ ላይ አላየውም፤ የጨረታ ሰነዱ ፕሮሰሰሩን፣ ሜሞሪውንና ዩፒኤሱን በዝርዝር ሲጠይቅ፣ ሰውየው የሚገባበት ዐምድ አልነበረውም።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የአፍሪካ የኤሌክትሮን መዋቅር ስሌት ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በኬፕታውን ተጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ከአገር ወደ አገር የሚዞረው፣ ተራው ደርሶት አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ወጣቶች ሁለት ሳምንት ያህል ተቀምጠው፣ በአብዱስ ሳላም ስም በሚጠራው የትሪየስቴ ማዕከልና በሌሎችም ድጋፍ፣ ኳንተም ኤስፕሬሶ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር የአቶሞችን ባሕርይ ማስላት ተማሩ። መምህራኑ ከአጠገባቸው ስለ ነበሩ የማይሠራ ነገር አልነበረም። ፈተናው የሚመጣው ወጣቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሶ ያንኑ ሶፍትዌር ብቻውን ሲጭን ነው።

በኮዬ ፈጬ አፋፍ ላይ ሆኖ ይህን ሥራ የሚሠራ ባለሙያ ምን እንደሚገጥመው ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። አስቀድሞ አየሩ አለ። ቦታው ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት አጥቦ የመውሰድ ኀይሉ ያንሳል፤ ስለዚህም የሰርቨር አምራቾች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት በአንድ ዲግሪ እንዲቀንስ ያዝዛሉ። ለሆላንድ አገር የተጻፈውን መመሪያ ለቂሊንጦ እንዳለ የወሰደ ሰው ማሽኑን ያበስለዋል። ቀጥሎ መብራት አለ፤ ሦስት ቀን የሚፈጅ ስሌት በሁለተኛው ቀን መብራት ሲሄድበት ከዜሮ እንዳይጀምር፣ በየሰዓቱ የደረሰበትን እየጻፈ እንዲሄድ ተማሪውን ማስለመድ የዚህ ባለሙያ ሥራ ነው። ከዚያም መረቡ አለ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል በቈየ ጊዜ፣ ሶፍትዌርን ከውጭ በማውረድ ብቻ የሚኖር ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ የሚያስፈልገውን ምንጭ ኮድ አስቀድሞ በራሱ ሰርቨር ያከማቸ ግን መሥራት ይችል ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሙያው የሚታወቀው በትንንሹ ነገር ነው። አንድ የማስተርስ ተማሪ ስሌቱ ከላፕቶፑ ይልቅ በክላስተሩ ላይ መዘግየቱን ሊያማርር ይመጣል እንበል። 32 ኮር ያለው ኖድ፣ ማለትም ከክላስተሩ ሰርቨሮች አንዱ፣ ጠይቆ ተሰጥቶታል፤ 32 ሂደቶችም አስነሥቷል፤ በወረቀት ላይ ነገሩ ያማረ ነው። ባለሙያው ወደ ኖዱ ገብቶ ሲያይ፣ ከሥር የተጫነው የማትሪክስ ላይብረሪ የኮሩን ብዛት ቈጥሮ፣ ለእያንዳንዱ ሂደት በገዛ ፈቃዱ 32 ትሬድ፣ ማለትም ንዑስ የሥራ ፈትል፣ አስነሥቷል፤ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሁለት፣ 1024 ትሬዶች በ32 ኮር ላይ ሲጋፉ ያገኛቸዋል። ላይብረሪው በአንድ ትሬድ እንዲወሰን የምታዝዝ አንዲት መስመር በሥራ ማስገቢያው ፋይል ላይ ይጨምራል፤ ተማሪውም ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ የነበረውን ሥራ ቡና ሳይፈላ ያገኘዋል። ይህች መስመር በተማሪው ጥናት ውስጥ አትጻፍም፤ ተማሪውም ቢሆን እንዴት እንደ ሆነች ከጊዜ በኋላ አያስታውሳትም። መስመሯን የሚያውቀው ሰው ሲለቅ ግን፣ ለሚመጣው ዓመት ተማሪ ያው መዘግየት ይመለስበታል፤ ጥፋቱም በማሽኑ ይላከካል።

እንዲህ ያለው ዕውቀት ከሰው ጋራ እንዳይጠፋ ሌሎች አገሮች በመዝገብ የማስቀመጥ ዘዴ አበጅተዋል። የቤልጅየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለራሱ ሲሠራበት የቈየውን ኢዚቢልድን በ2012 ለዓለም ለቀቀው፤ በአሜሪካ የሎረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪም ስፓክን አወጣ፤ ሁለቱም አንድን ሶፍትዌር እንዴት እንደሚጭኑት፣ ከየትኛው ላይብረሪና ከየትኛው ኮምፓይለር ጋራ እንደሚያስማሙት በፋይል ጽፈው ያስቀምጣሉ፤ በጌንት የተጻፈውን ፋይል ቂሊንጦ ያለ ባለሙያ ያለ ክፍያ ወስዶ ይሠራበታል፤ የራሱንም ጨምሮ ሊልክላቸው ይችላል። በዚያው በ2012 እንግሊዞች በኦክስፎርድ ጉባኤ ተቀምጠው፣ ለተመራማሪ ሶፍትዌር የሚሠራው ሰው የራሱ የሥራ ስምና የዕድገት መሰላል እንዲኖረው ተነጋገሩ፤ ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻቸው የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ ተብሎ ይቀጠራል፣ ያድጋል፣ በጽሑፍም ስሙ ይወጣል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ሰው እስካሁን በሠራተኛ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው፣ ወይ ቴክኒካል አሲስታንት ወይ የአይሲቲ ባለሙያ ተብሎ፣ ፕሪንተር ከሚጠግነው ባልደረባው ጋራ በአንድ ደረጃ ነው።