የቮልሷ ልብ የራሷ ነው?

«ሞተሩ ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ነው» የማይል የአሮጌ ቮልስዋገን ካምፐር ሻጭ ካገኛችሁ ንገሩኝ! ወሬውን ተዉትና የኋላ ክዳኗን ክፈቱ። ቁጥሩ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር፣ ብሎኩ ላይ ተመትቷል።

የካምፐሯ መሠረት የሆነችው ቫን እ.ኤ.አ. በ1950 ቮልፍስቡርግ ውስጥ መመረት ስትጀምር፣ 1131 ሲሲ ሞተርና 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበራት (ዳገቱን በጸሎት ነው የምትወጣው)። በ«ቢ» ፊደል የሚጀምር ቁጥር ግን በ1967 የመጣው የ1600 ሲሲ ሞተር ነው። የ1955 መኪና ላይ ካያችሁት ልቧ የሌላ ነው።

ተጭበረበርን ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። ፋብሪካው ራሱ የደከመ ሞተር ተቀብሎ የታደሰ ይሰጥ ነበር፤ ያም የመኪናዋ ታሪክ ነው። እኔ የምጠራጠረው የቁጥሩ ቦታ በሞረድ የተፋቀበትን ብሎክ ነው። ሻጩን «ማን ፋቀው?» በሉት።