የዓባይ ድልድይና የባሕር ዳር መልክዓ ምድር በካሜራ፡ የቦታ፣ የሰዓትና የፈቃድ ጉዳዮች

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ሥፍራ አጠገብ የተቆረቆረች በመሆኗ ሐይቁ፣ ወንዙና ድልድዩ በአንድ ከተማ ውስጥ የሚገኙባት ናት። ከእነዚህ መካከል ድልድዩ ለረጅም ዓመታት በጥበቃ ሥር የቆየና ካሜራ ያወጣ ሰው ወዲያውኑ የሚከለከልበት ሥፍራ ነበር። ዛሬ ደግሞ የከተማዋ መለያ ሆኖ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳና የቀን መቁጠሪያ ላይ ይታያል። በሁለቱ ሁኔታዎች መካከል ያለው ክፍተት በቱሪዝም፣ በኮሙኒኬሽን፣ በመንገድና በጸጥታ ዘርፍ ለተሰማሩ የመንግሥት ሠራተኞች በየጊዜው ጥያቄ የሚያስነሳ በመሆኑ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ክልከላውና ምክንያቱ

ክልከላው ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። በአገራችን ድልድይ በጦርነት ጊዜ ቀድሞ የሚመታ ንብረት ሆኖ ቆይቷል። በዓባይ ላይ የሚገኘው ሰባራ ድልድይ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን መሐሉ በመቆረጡ ነው። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በነበረው ጦርነት የተከዜ ድልድይ ፈርሶ የእርዳታ ጉዞ እንደተስተጓጎለም ይታወሳል። ባሕር ዳርን ከጎንደር መስመር ጋር በማገናኘት ከ60 ዓመታት በላይ ያገለገለው ነባሩ የዓባይ ድልድይም በጥብቅ መጠበቁ የሚጠበቅ ነበር።

ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ለእግረኞችና ለብስክሌት ተጠቃሚዎች የተለየ መንገድ ተዘጋጅቶለታል። ወለሉ ከአጫጭር ምሰሶዎች በሚወርዱ የብረት ገመዶች እንዲታገዝ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ቅርፁ ገና ከሩቅ ዓይን ይስባል። እንዲህ ያለ ግንባታ ላይ የእግረኛ መንገድ ሠርቶ ማንም በስልኩ ፎቶግራፍ እንዳያነሳ መጠበቅ የሚቻል አይመስልም።

በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት የጥበቃ ሥራው ክብደት ጨምሯል። በመሆኑም ዋናው ችግር የጥበቃ አባሉ ጥብቅ መሆን አይደለም። የተፈቀደውና ያልተፈቀደው በግልጽ ተጽፎ በእጁ አለመኖሩ ነው። ከእግረኛው መንገድ ላይ ለማስታወሻ የሚነሳ ምስል አንድ ነገር ነው፤ የገመዶቹን ማሰሪያ፣ የወለሉን የታችኛውን ክፍልና የጥበቃ ቦታዎችን በቅርብ ማንሳት ግን ሌላ ነው። ይህ ልዩነት በአንድ ገጽ መመሪያ ሊቀመጥ ሲችል ለዕለቱ ተረኛ ግምት ከተተወ፣ እንግዳው የሚስተናገደው እንደ ተረኛው ፈቃድ ይሆናል።

ቦታና ሰዓት

ወንዙ ከከተማዋ ማዕከል በስተምሥራቅ ስለሚገኝ ከከተማው ወገን ቆሞ ወደ ማዶ ለሚያነሳ ሰው የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ትመጣበታለች። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ከጀርባው ስለሚሆን የድልድዩ ቅርፅ ጎልቶ ይወጣል። ሐይቁ በአንጻሩ የማለዳ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነፋሱ ገና ስለማይነሳ ውኃው ይረጋል፤ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆችም የሚታዩት በዚሁ ሰዓት ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስለሚገኝ ለተሻለ ምስል ሲባል ወደ ውኃው ዳር መጠጋት አይመከርም።

ወንዙንና ከተማዋን አንድ ላይ ለማየት የቤዛዊት ኮረብታ አመቺ ነው። በኮረብታው ላይ የሚገኘው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥት ጥበቃ የሚደረግለት በመሆኑ ግን ካሜራው ወደ ወንዙ እንጂ ወደ ግቢው ባይዞር ይመረጣል።

ከወራት ሁሉ መስከረምና ጥቅምት ይበልጣሉ፤ ዝናቡ አየሩን አጥቦ ስለሚያልፍ ርቀት ጥርት ብሎ ይታያል። ከመጋቢት በኋላ አቧራና ጭጋግ ይበዛል። ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚከፈል በበጋ መጠኑ እጅግ ይቀንሳል። የመስከረሙን ምስል በማስታወቂያ አትሞ እንግዳን በመጋቢት መጋበዝ ቅሬታን መጋበዝ ነው።

ፈቃድና ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 በሕዝብ ፊት ከተፈጸሙ ወይም ሕዝብን ከሚመለከቱ ጉዳዮች ጋር የተያያዙ ምስሎችን ከዚህ ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ በድልድዩ ምረቃ ላይ የተገኘ ሕዝብ በምስል መታየቱ ችግር የለውም፤ የአንዲትን አሣ ሻጭ ፊት ብቻ ነጥሎ የቱሪዝም ፖስተር ማድረግ ግን ፈቃዷን ይጠይቃል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ ምስሉ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመታት የኢኮኖሚ መብት ጥበቃ ይሰጣል። ከኢንተርኔት የተገኘን ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በመጽሔት ሽፋን ላይ ማተም በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ቢሆንም የሕግ ድጋፍ የለውም። በገዳማቱ ውስጥ ለማንሳት የገዳሙን አስተዳደር፣ ድሮን ለማብረር ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

ምስል እንደ መዝገብ

ፎቶግራፍ ለውበት ብቻ አይነሳም። የድልድይ ፍተሻ ባለሙያዎች የስንጥቅን፣ የዝገትንና የውኃ ሽርሸራን ለውጥ የሚከታተሉት ከአንድ ነጥብ በተለያየ ጊዜ በተነሱ ምስሎች ጭምር ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጣና ላይ የታየውን የእምቦጭ አረም ስፋት ለማስረዳትም እንዲህ ያለ ማስረጃ ይጠቅማል። ለዚህ የሚሆን ምስል የተነሳበት ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና አቅጣጫ ተጽፎበት፣ በቴሌግራም ተልኮ ጥራቱ የቀነሰው ቅጂ ሳይሆን ከካሜራው የወጣው ዋናው ፋይል መቀመጥ ይኖርበታል።