የሽንት ፊኛ ካንሰር ወደ ሊምፍ ዕጢዎች መዛመቱን ከቀዶ ሕክምና በፊት ማወቅ ይቻላል?

የሽንት ፊኛ ካንሰር ከፊኛው ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው በዳሌ ውስጥ ወደሚገኙት የሊምፍ ዕጢዎች ነው። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት አካል የሆኑት እነዚህ ትንንሽ ዕጢዎች በአንገት፣ በብብትና በብሽሽትም አሉ፤ በዚያ ሲያብጡ በተለምዶ ንፍፊት ይባላሉ። በዳሌ ውስጥ ያሉት ግን በእጅ ዳሰሳ አይገኙም።

ካንሰሩ ወደ ፊኛው ጡንቻ ከዘለቀ፣ ከዋና ዋና ሕክምናዎች አንዱ ፊኛውን ማውጣት ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው አራት ሕሙማን በአንዱ ገደማ፣ ካንሰሩ በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ይገኛል።

የሲቲ ስካን ውስንነት

ሐኪሞች በሲቲ ስካን የሚመለከቱት በዋናነት የዕጢውን መጠን ነው። በዳሌ ውስጥ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ የወፈረ ዕጢ ጥርጣሬ ያሳድራል። ሆኖም ጥቂት የካንሰር ሕዋሳት ያሉበት ዕጢ መጠኑ ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። በሌላ ሕመም ያበጠ ዕጢ ደግሞ ካንሰር ላይኖርበት ይችላል። ስለዚህ ምስሉ ምንም አለማሳየቱ ካንሰሩ ላለመዛመቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ትንበያው በምን ይመሠረታል?

ተጨማሪው መረጃ የሚገኘው ከፊኛው ከሚወሰደው ናሙና ነው። ካንሰሩ በጥልቀት በዘለቀ ቁጥር የመዛመት ዕድሉ ይጨምራል። ሕዋሳቱ ወደ ደም ሥሮች ወይም ወደ ሊምፍ ቧንቧዎች ገብተው ከታዩም ሥጋቱ ከፍ ይላል። ተመራማሪዎች እነዚህን ምልክቶች ከሲቲ ስካን ውጤት ጋር አጣምረው ዕድሉን በመቶኛ የሚገምቱ ሞዴሎች ሠርተዋል። እአአ በ2017 የቻይና ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ኮምፒውተር ዓይን የማይለየውን የምስል ዝርዝር እንዲያነብ በማድረግ የ118 ሕሙማንን መረጃ መርምረዋል።

ለሕመምተኛው ምን ይለውጣል?

ሥጋቱ ከፍ ያለ መሆኑ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞቴራፒ መስጠትን ይበልጥ ተገቢ ያደርገዋል። ዕጢዎችን ከተለመደው ወሰን አልፎ በስፋት ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአሜሪካና በካናዳ 592 ሕሙማን የተሳተፉበትና እአአ በ2024 የታተመ ጥናት፣ ሰፊው ቀዶ ሕክምና ዕድሜ እንደማያራዝም፣ ይልቁንም ጉዳቱ እንደሚያመዝን አሳይቷል።

የምሥራቅ አፍሪካ ሁኔታ

አብዛኞቹ የትንበያ ሞዴሎች የተሠሩት ከፊኛው የውስጥ ሽፋን የሚነሣውን የተለመደ የካንሰር ዓይነት መሠረት አድርገው ነው። በግብፅ፣ በሱዳንና በሌሎች የቀጠናው አገሮች ግን በሽንት ቧንቧና ፊኛ ላይ ጉዳት የሚያደርሰው የቢልሃርዚያ ዝርያ ከሌላ የፊኛ ካንሰር ዓይነት ጋር ይያያዛል። በኢትዮጵያም ይህ ዝርያ በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ሸለቆዎች እንዲሁም በኩርሙክ አካባቢ ተገኝቷል። በመሆኑም ሞዴሎቹ በቀጠናው ሕሙማን ላይ ሳይፈተኑ ውጤታቸውን እንዳለ መቀበል አያስተማምንም።

ደም የቀላቀለ ሽንት የሕመሙ ዋነኛ ምልክት ነው። ሕመም ባይኖረውና አንድ ጊዜ ታይቶ ቢጠፋም እንኳ፣ ካንሰሩ ወደ ጡንቻው ሳይዘልቅ ለመድረስ ፈጥኖ መመርመር ያስፈልጋል።