የያንግ ወንድማማች ዜና መዋዕል፤ የኤሲ ዲሲ ታሪክ ከነሥዕሉ

በእግዚአብሔር ስም ጀምረን የማልኮምንና የአንገስ ያንግን፣ ኤሲ ዲሲ የተባለውንም ባንዳቸውን ዜና እንጽፋለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የምንጽፈው ለያንግ ቤት ወግነን ነው፤ ሌላ ወገን ያለው ጸሐፊ የራሱን ይጻፍ።

በስኮትላንድ አገር፣ በግላስጎ ከተማ፣ ዊሊያም ያንግ የሚባል ሰው ነበረ። ልጁ ማልኮም በ1953 ተወለደ፤ የመጨረሻው አንገስ በ1955። በ1963 ብርዱና በረዶው ቢጠናባቸው ባሕር ተሻግረው አውስትራሊያ ገቡ፣ በሲድኒም ሰፈሩ። በዚያም ታላቅ ወንድማቸው ጆርጅ ከኢዚቢትስ ባንድ ጋር በ1966 ስሙ እስከ እንግሊዝ ተሰማ፤ ለታናናሾቹም መንገድ ጠራጊ ሆነ። ማልኮም በጡት መያዣ ፋብሪካ የስፌት መኪና እየጠገነ እንጀራውን ይበላ ነበር።

በ1973 ኖቬምበር ወር ማልኮም ባንዱን አቆመ። እኅታቸው ማርጋሬት በስፌት መኪና ላይ ተጽፎ ያየችውን ስም ሰጠቻቸው። አንገስንም የተማሪ ዩኒፎርም ልበስ ያለችው እሷ ናት። ትምህርት ቤቱን ጥሎ የወጣው ልጅ የተማሪ ልብስ ሳያወልቅ ሸመገለ፤ የእግዚአብሔር ፍርድ ድንቅ ነው። በዲሴምበር 31 ቀን ሌሊት ቸከርስ በሚባል የሲድኒ የምሽት ክበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ታዩ። የፊተኛው ዘፋኝ ዴቭ ኢቫንስ ነበረ፤ በ1974 ሄደ፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ሥዕል፤ አንገስ በአጭር ሱሪና በከረባት ሆኖ መድረክ ላይ እንደ ተንከባለለ፣ ማልኮምም ከኋላ እንደ ቆመ።

በእሱም ፈንታ ቦን ስኮት መጣ። እሱም በስኮትላንድ ተወልዶ በአውስትራሊያ ያደገ፣ ጨዋታ ዐዋቂ፣ ድምፁ እንደ አሸዋ የሚፍቅ ሰው ነበረ። ጆርጅ በስቱዲዮ ሳለ ቦን በልጅነቱ ከስኮቶች የዋሽንት ባንድ ጋር ይወጣ እንደ ነበረ ሰማና፣ «እንግዲያው የከረጢት ዋሽንት ይጨመር» ብሎ አሰበ። ቦን ግን በዚያ ባንድ ከበሮ መቺ ነበረ እንጂ ዋሽንቱን ነክቶት አያውቅም። ቢሆንም አላፈረም፤ ዋሽንቱ ተገዝቶ መጣለት፣ ተማረውም።

በ1976 ፌብሩዋሪ 23 ቀን በሜልቦርን ከተማ በስዋንስተን ጎዳና፣ ጎን በሌለው የጭነት መኪና ላይ ከነድራማቸው ወጥተው እየተጫወቱ ተጓዙ። የቶብሩክ አርበኞችን ስም የያዘ የከረጢት ዋሽንት ባንድም አብሯቸው ነበረ። ሥራ የዋለው ሰው ሁሉ ቆሞ አየ፤ ካሜራውም ቀረጸ። ከተማይቱ ያን ቀን አልረሳችም፤ በ2004 ከመንገዶቿ አንዱን በስማቸው ጠራች።

ሥዕል፤ ቦን ስኮት ዋሽንቱን ታቅፎ በመኪና ላይ ሜልቦርንን እንዳቋረጠ።

ከዚህ በኋላ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ዘመቱ። የአሜሪካው አትላንቲክ ኩባንያ በ1976 የሠሩትን አልበም አላወጣም አለ፤ ዝናቸው ከገነነ በኋላ ግን በ1981 አውጥቶ ብዙ ገንዘብ ሰበሰበበት። ይኸው ኩባንያ አልበሞቻቸውን ያዘጋጅ የነበረውን ወንድማቸውን ጆርጅን ከአዘጋጅነቱ እንዲያነሡት ግድ አላቸው፤ ወንድማማቾቹም እያዘኑ ታዘዙ። መት ላንግ ያዘጋጀው የ1979ኙ አልበም አሜሪካን ከፈተላቸው። ርዕሱ ግን ስለ ሲኦል መንገድ ነውና ለክርስቲያን ጆሮ ይከብዳል።

በ1980 ፌብሩዋሪ 19 ቀን ቦን ስኮት በለንደን ሞተ፤ ዕድሜው 33 ነበረ። ሌሊቱን ጠጥቶ በመኪና ውስጥ አደረ፣ አልነቃምም። ነፍሱን ይማር። ወንድማማቾቹ ባንዱን ሊያፈርሱ ቢያስቡ፣ የቦን ወላጆች ቀጥሉ ብለው አበረቷቸው።

ቦን በሕይወቱ ሳለ ጆርዲ የሚባል ባንድ ዘፋኝ የሆነውን የእንግሊዙን ብሪያን ጆንሰንን አመስግኖ ነበር። ያንጊዜ ብሪያን የመኪና ጣሪያ ቪኒል እየገጠመ ይኖር ነበር። ጠሩት፣ ሰሙት፣ ሾሙት። ወደ ባሃማስ ደሴት ናሶ ወርደውም በሳምንታት ውስጥ «ባክ ኢን ብላክ»ን ሠሩ።

በዚህ አልበም የሚሰማው የደወል ነገር እንዲህ ነው። ላፍብራ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ጆን ቴይለር የሚባል የደወል ማቅለጫ አለ፤ በዚያ ክብደቱ አንድ ቶን የሆነ ደወል አዘዙ። አስቀድሞ የከተማዋን የግንብ ደወል ሊቀዱ ሞክረው ነበር። ነገር ግን ደወሉ በተመታ ቁጥር በግንቡ የሚያድሩት ወፎች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ይወጡ ነበርና ቅጂው ተበላሸ። ስለዚህ መቅጃውን ወደ ማቅለጫው ወስደው የራሳቸውን ደወል ድምፅ በዚያው ያዙ። ደወል ለጸሎት መጥሪያ ነው፤ እነሱ ለሟች ወዳጃቸው አስደወሉት፤ ይህም ከጸሎት የራቀ አይመስለኝም። ሽፋኑንም ለሐዘን ጥቁር አደረጉት። ኩባንያው ቅር ቢለው፣ ስማቸው በግራጫ መስመር እንዲከበብ ብቻ ፈቀዱ። አልበሙ በዚያው ዓመት ጁላይ 25 ቀን ወጣ፤ እስከ ዛሬ 50 ሚሊዮን ያህል ቅጂ እንደ ተሸጠ ይገመታል።

ሥዕል፤ ደወሉ ከመድረኩ በላይ እንደ ተሰቀለ፣ ብሪያንም በመዶሻ እንደ መታው።

ከ1983 እስከ 1989 አልበሞች ወጡ። ድራም መቺው ፊል ራድም ሄደ። በ1988 ማልኮም ከመጠጥ ለመራቅ ጥቂት ዐረፈ፤ የወንድሙ ልጅ ስቲቪ ተተካለት።

በ1991 ሴፕቴምበር 28 ቀን በሞስኮ፣ በቱሺኖ የአውሮፕላን ሜዳ፣ በነጻ ተጫወቱ። በሶቪየት መንግሥት ላይ የተደረገው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ገና ወር አልፎት ነበር። ሕዝቡ በመቶ ሺዎች የሚቈጠር ሆኖ ሜዳውን ሞላው፤ ወታደሮችም በመካከሉ ቆሙ። እነ ሜታሊካ አስቀድመው ተጫወቱ፤ መዝጊያው ግን የያንግ ቤት ሆነ። ለትርኢታቸው ያቆሙት መድፍ በተተኰሰ ጊዜ የፈራ አልነበረም፤ ሁሉ ጮኸ፣ ዘለለ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ በሶልት ሌክ ሲቲ በተጫወቱበት ሌሊት ሦስት ወጣቶች በግፊያ ሞቱ፤ እግዚአብሔር ወላጆቻቸውን ያጽናና።

በ2014 ማልኮም የመርሳት በሽታ ይዞት ባንዱን ተወ፤ ስቲቪ ዳግመኛ በቦታው ቆመ። ከዚያም መከራው ተደራረበ። ወደ ባንዱ ተመልሶ የነበረው ድራም መቺ ፊል ራድ በኒው ዚላንድ ከዳኛ ፊት ቆመ፤ ዝርዝሩ ለፍርድ ቤት መዝገብ ይቆይ። በ2016 የብሪያን ጆሮ ታመመ፤ በእሱ ፈንታ ከሌላ ቤት ዘፋኙ አክስል ሮዝ መጥቶ፣ እግሩ ተሰብሮ ነበርና በወንበር ተቀምጦ ዘፈነ። ቃሉን ጠብቋል፤ ከዚህ በላይ አላመሰግንም።

በ2017 ኦክቶበር ጆርጅ፣ ኖቬምበር 18 ቀን ደግሞ ማልኮም ዐረፈ። በሲድኒ በቅድስት ማርያም ካቴድራልም ተሸኘ።

ሰው የሚያየውን ያመሰግናል፤ ስለዚህ ዝናው ሁሉ ለአንገስ ሆነ። ማልኮም ግን የግሬች ጊታሩን ቀለም ልጦ፣ ከድምፅ ማንሻዎቹም አንዱን ብቻ አስቀርቶ፣ ከማጉያው አጠገብ ቆሞ ሪትሙን ይመታ ነበር። ዘፋኝ ሲሞት፣ ድራም መቺ ሲሄድ፣ ኩባንያ ሲያዝ ቤቱ ያልፈረሰው በእሱ ነው። አንገስም ይህን አልካደም፤ ማልኮም በሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ በ2020፣ «ፓወር አፕ» የተባለው አልበም ሲወጣ በ12ቱም ዘፈኖች ላይ ደራሲ ተብለው የተጻፉት ማልኮምና አንገስ ያንግ ናቸው።