በመጥፎ ውሃ የታጠቡ ፎቶግራፎች፤ ስለ ሮውና ስለ ጄፔግ ምርጫ

የጅጅጋን፥ የቀብሪ በያህን፥ የአውበሬንና የቶጎ ውጫሌን የቀድሞ ታሪክ ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ ዛሬ ከደብተሩ ጋራ ዲጂታል ካሜራ ይዞ ይሄዳል። ካሜራውም ገና ከመነሻው አንድ ነገር ያስመርጠዋል፤ ይኸውም ፎቶግራፉ በ«ሮው» ይቀመጥ ወይስ በ«ጄፔግ» የሚል ነው። ነገሩ የፎቶግራፍ አንሺዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን ለታሪክ ጸሓፊ የማስረጃ ጉዳይ ነው፤ ይህንም ከጎረቤት ከሐረር በተገኘ አንድ ምሳሌ መረዳት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1883 ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ በሐረር የባርዴ ንግድ ቤት ወኪል ነበረ። ከተማይቱም ከ1875 እስከ 1885 በግብጾች እጅ ነበረች። ራምቦ ከሊዮን ካሜራ አስመጥቶ ሥራውን ጀመረ፤ በሜይ 6 ቀን ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ግን ራሱን ያነሣባቸው ፎቶግራፎች ሁሉ ነጭ እንደ ሆኑበት፥ ምክንያቱም የማጠቢያው ውሃ መጥፎነት እንደ ሆነ ገለጠ።

የሐረሩ ነገር ለሶማሌ አገር ጥናት ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፥ ይኸው ራምቦ በዚያው ዓመት መጨረሻ ስለ ኦጋዴን ዘገባ ጽፎ የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1884 አሳትሞለታል። ወደ ኦጋዴን ወርዶ ወሬውን ያጠናቀረው ግን ባልደረባው ግሪካዊው ሶቲሮ ነው። እንግዲህ ጽሑፉ ሙሉ ሆኖ ሲደርሰን፥ በዚያው ሰው እጅ የተሠሩት ፎቶግራፎች የነጡ ወረቀቶች ሆነው ቀርተዋል። ከወረቀቱ ላይ የጠፋውን ፊት ማንም ሊቅ መልሶ ሊያወጣው አይችልም።

ዛሬ የሚያጥበው ካሜራው ራሱ ነው። ደንቡ በ1992 በወጣው በጄፔግ ሲያስቀምጥ ቀለሙንና ጥላውን በራሱ ፈርዶ፥ የሰው ዐይን አይለየውም ያለውን ዝርዝር ይጥላል፤ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለምም 256 ደረጃ ብቻ ያስቀራል። ሮው ግን ብርሃን ተቀባዩ የለካውን ሳይፈርድበት የሚይዝ ሲሆን፥ በ12 ቢት 4,096፥ በ14 ቢት 16,384 ደረጃ ይኖረዋል። ስለዚህ ከሕትመቱ ይልቅ ኔጋቲቩን ይመስላል።

በጅጅጋ ሜዳ የቀትር ፀሓይ ከሱቅ በር ጥላ ሥር የተቀመጡ አዛውንት ፎቶግራፍ ቢነሡ፥ ጄፔጉ ብዙ ጊዜ ፊታቸውን ያጠቍረዋል ወይም ሰማዩን ያነጣዋል። በሮው ከሆነ ጥላውን በኋላ መክፈት ይቻላል፤ ፈጽሞ የነጣውን ሰማይ ግን ሮውም አያድነውም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋኝ የደበዘዘ ጽሑፍ ነው። ጄፔግ ሥዕሉን በ8 በ8 ነጥብ ቆራርጦ ቀጫጭን ልዩነቶችን ስለሚጥል፥ በአሮጌ ደብዳቤ ላይ ሊጠፋ የተቃረበ ቀለም ከሚጣለው ወገን ይሆናል። ለመርማሪው የሚያስፈልገው ደግሞ ዐይን በቀላሉ የማይለየው ያ ቀለም ነው። ጦርነት በ1977 እና በ1978 ባለፈባት በጅጅጋ፥ በሣጥን ተጠቅልሎ የቆየ አንድ ወረቀት ሁለተኛ ቅጅ ላይኖረው ይችላል።

በሮው ላይ የሚነሣው ነቀፋም ከንቱ አይደለም። ፋይሉ ከጄፔግ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ካኖንም ኒኮንም የየራሳቸው ዐይነት ስላላቸው፥ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚከፍተው ፕሮግራም መኖሩ ያጠራጥራል። አዶቢ በ2004 ዲ.ኤን.ጂ. የሚባለውን ለሁሉ ክፍት የሆነ ዐይነት ያወጣው ይህን በማሰብ ነው፤ ሆኖም ሁሉም ኩባንያዎች አልተቀበሉትም። ጄፔግ ግን በማናቸውም ስልክ ይከፈታል። የራምቦም ወረቀት፥ ነጭ ቢሆንም፥ ያለ መሣሪያ እስከ ዛሬ ይታያል።

ለገበያ፥ ለመንገድና ለጉዞ ማስታወሻ ጄፔግ ይበቃል። ለሰነድ፥ ለመቃብር ጽሑፍና ለሽማግሌዎች ፊት ግን ካሜራው ሁለቱን ባንድነት እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይሻላል። ጄፔጉ በዚያው ቀን ለባለቤቱ በስልክ ይላክለታል፤ ሮውም ከዲ.ኤን.ጂ. ቅጅው ጋራ፥ ቦታውና ቀኑ ተጽፎበት፥ በሁለት ልዩ ልዩ ዲስኮች ላይ ይቀመጣል፤ አንደኛው ዲስክ ከጅጅጋ ውጭ ቢቀመጥ ይመረጣል።